ፈጠነች፣ ሳይክሏና ግራ ጉልበቷ

ሲስተር ፈጠነች ጩማ ሐምሌ ላይ የግራ ጉልበቷን ሎሚ የሰበረችው ከሳይክል ወድቃ አይደለም። ይህን ለጠያቂው ሁሉ ስትናገር ከረመች፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም። የዚያን ቀን ዶፍ ዝናብ ስለጣለ ልጇ ፀደንያ «እማዬ፣ በማርያም፣ ዛሬ እንኳ ሳይክሉን ተዪው» አለቻት። እሷም ልጄን ደስ ይበላት ብላ በባጃጅ ወደ ሶዶ ገበያ ሄደች። ስትወርድ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣትና በጉልበቷ አረፈች። እንዲህ ነው የሆነው።

ሊጠይቋት የሚመጡት ጎረቤቶች ግን ገና በር ላይ ሆነው፣ «አይ ያ ሳይክል! ብለን ነበር እኮ!» ይላሉ።

«ሳይክሉ ቤት ነው የነበረው፤ የሰበረኝ ባጃጅ ነው» ትላለች።

«ይሁን፣ ዋናው ነፍስሽ መትረፉ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። ይህ ከስብራቱ ይልቅ ያንገበግባት ነበር።

ፈጠነች ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጡላት አባቷ ሲሆኑ፣ አዋላጇ ተጠርታ ሳትደርስ ስለተወለደች ነው ይባላል። እሷም ስሟን አላሳፈረችውም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ከጤና ረዳቶች ትምህርት ቤት ወጥታ ቤሌ ክሊኒክ ስትመደብ፣ ለክትባት ዘመቻ አምስት ሳይክል መጣ። አራቱን ወንዶቹ ተከፋፈሉት። አምስተኛው የሚወስደው አጥቶ ከክሊኒኩ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ሰነበተ። ፈጠነች በቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ ሁለት ሳምንት ከክሊኒኩ ጀርባ ስትወድቅ ስትነሳ ቆየችና፣ በሦስተኛው ሳምንት የክትባቱን ሳጥን ከኋላዋ አስራ ወደ ቆላው ወረደች። መንገድ ላይ ያገኟት አንድ ሽማግሌ አማተቡ። እናቷ ወሬው ሲደርሳቸው «አሁን ማን ያገባሻል?» ብለው አለቀሱ። ያገባት የቤሌ መምህር የነበረው ሐብተማርያም ነው። ሐብተማርያም ሳይክሉን ተዪ አላላትም፤ እንዲያውም እሁድ እሁድ ሰንሰለቱን ግራሶ ይቀባላት ነበር። እሱ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

በዚያ ሳጥን ውስጥ በረዶ ነበር። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል፤ ክትባቱ ከተበላሸ ከየጎጡ ልጅ አዝለው የመጡት እናቶች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ስለዚህ ፈጠነች በወጣትነቷ ሁሉ ከኋላዋ እየቀለጠ ያለ ነገር አስራ ነው የኖረችው። ዳገት ላይ ብትደክምም አታርፍም። ሰው ቤት ግቢ ቢላትም በቁሟ ውሃ ጠጥታ ትሄዳለች። የማቀዝቀዣ መኪና ከመጣ በኋላ፣ ቢሮ ከገባች በኋላ፣ ሶዶ ከተዛወረች በኋላም ይኸው ነገር ከሰውነቷ አልወጣም። ቁርስ ቆማ ነው የምትበላው። ቅዳሴ ላይ እንኳ አንዱን እግሯን እያነሳች ሌላውን ትጥላለች። ጡረታ ስትወጣ የሥራ ባልደረቦቿ ጋቢ ሊያለብሷት ተማክረው ነበር፤ «ጋቢ ለሚቀመጥ ሰው ነው» ስላለቻቸው ሰማያዊ የሴት ሳይክል ገዙላት። በሶዶ ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቋት በዚያ ሳይክል ነው፤ ነጠላዋን መስቀልያ አስራ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት ጀሶ ገብታ ወንበር ላይ የተቀመጠችው።

ጉልበቷን ቀደው በሽቦ አሰሩት። መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲገባ ሰፈሩ በዘፈን ሲናወጥ፣ እሷ እግሯን ዱካ ላይ ዘርግታ በክራንቿ መሬቱን ትደበድብ ነበር። ፀደንያ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምትሠራው። ጠዋት ዳቦውን፣ ዳጣውን፣ ቴርሞሱን እጇ በሚደርስበት አስቀምጣላት ትወጣለች። ምሳ ሰዓት ደውላ «ምን እያደረግሽ ነው?» ትላታለች።

«ተቀምጫለሁ።»

«ጎሽ።»

«ጎሽ አትበዪኝ! እንቁላል የታቀፍኩ ዶሮ መሰልኩሽ?»

ጀሶው ከወጣ በኋላ ለፊዚዮቴራፒ ሆስፒታል ትመላለስ ጀመር። ባለሙያዋ ናዲያ ትባላለች፤ ድሬዳዋ ያደገች፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» የምትል፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን የፈጠነችን ጉልበት አጥፋ ለካችውና «ሰባ ዲግሪ» አለች።

«ሳይክል ለመርገጥ ስንት ያስፈልጋል?» አለች ፈጠነች።

ናዲያ ቀና ብላ አየቻት። ሌላው በሽተኛ የሚጠይቀው መስገድ እችላለሁ ወይ፣ ሽንት ቤት መቀመጥ እችላለሁ ወይ ነው። «መቶ አሥር» አለቻት።

«እሺ፣ መቶ አሥር አምጪልኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚረገጥ ሳይክል አለ፤ ጎማ የለው፣ ፍሬን የለው። ናዲያ እዚያ ላይ አወጣቻት። ፈጠነች መጀመሪያ ፔዳሉን ግማሽ መንገድ ወደ ፊት፣ ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። ላቧ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ጥርሷን ትነክሳለች። ፊት ለፊቷ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ነው። በአራተኛው ሳምንት ፔዳሉ ሙሉ ዙር ዞረላት፤ ያን ጊዜ አልቅሳ ነበር፤ ከሕመም ነው ብላ ናዲያን አታለለቻት። ከዚያ ወዲያ ናዲያ በአጠገቧ ስታልፍ «የት ደረስሽ?» ትላታለች።

«ግድግዳው መቼ አሳለፈኝ!»

ጉድ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ መሄድ ያማታል፣ ፔዳል መርገጥ አያማትም። ከቤቷ እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሦስት ቦታ ታርፋለች፤ በዚያ በማይሄድ ሳይክል ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስትረግጥ ጉልበቷ እንደ ተቀባ ማጠፊያ ይለሰልሳል። ናዲያ ይህን አስረዳቻት፤ ስትራመድ ክብደቷ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ነው፣ ስትረግጥ ግን ኮርቻው ይሸከምላታል። «ግን ስሚኝ» አለቻት ጣቷን አንስታ፣ «መንገድ ላይ እስከ መጋቢት እንዳትወጪ። አሁን ብትወድቂ ያ ሽቦ ይበጠሳል። ከተበጠሰ እኔም አላድንሽም።»

ፈጠነች ከዚህ ሁሉ የሰማችው ኮርቻው ይሸከምላታል የሚለውን ነው።

የዚያኑ ዕለት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ ሳይክሉን ለማየት ወደ ጓዳው ዘለቀች። ሳይክሉ የለም። በረንዳውን አየች፣ ከማድቤቱ ጀርባ ዞረች፣ የጎረቤትን በር አንኳኳች። በኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፀደንያን ጠበቀች፤ መቀመጥ ስላቃታት ተነስታ በር ላይ ጠበቀች።

«ሳይክሌስ?»

ፀደንያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነበር። «በዴሳ ነው። ቦልቴ በሚኒባስ ጭኖ ወሰደው» አለች። ቦልቴ የፈጠነች የወንድሟ ልጅ ነው፤ በዴሳ ከተማ ያስተምራል።

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«ማንንም። በቀን አምስት ጊዜ ጓዳ እየገባሽ ጎማውን በጣትሽ ስትጫኚ ያላየሁሽ መሰለሽ? እማዬ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገቢ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን አራት ሰዓት ተቀምጫለሁ። አባቴም ሲሞት እዚያው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ደግሜ አልቀመጥበትም።»

ፈጠነች ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ፀደንያ ሥራ ስትሄድ፣ ፈጠነች ሱሪዋን በቀሚሷ ሥር ለበሰች፣ ክራንቿን ይዛ መናኸሪያ ሄደችና የበዴሳን ሚኒባስ ያዘች።

በዴሳ የገበያ ቀን ነበር። ቦልቴ ከትምህርት ቤት ለምሳ ሲመጣ አክስቱን ግቢው ውስጥ ተንበርክካ አገኛት፤ ተንበርክካ ሳይሆን፣ ደኅናውን እግሯን አጥፋ የታመመውን ዘርግታ፣ በመንፊያ ጎማ እየነፋች። ሳይክሉን ከበቆሎ ጆንያ ጀርባ ራሷ ነው ጎትታ ያወጣችው።

«ሳሮ አክስቴ…» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አላትና፣ «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ታየኝ የለ፣ እየነፋሁ ነው።»

«ፀደንያ ትገድለኛለች!»

«አንተን ብትገድል አለቅስልሃለሁ። በል ይህን ያዝልኝ።»

ቦልቴ ትልቅ ሰው ነው፤ አርባ ተማሪ ፊት ሲቆም ድምፁ ይንቀጠቀጣል የሚሉት የለም። አክስቱ ፊት ግን መሪውን ያዘ። «ወደ የት ልትሄጂ ነው? ሶዶ ድረስ እኮ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ያውም ዳገት ነው» አለ።

«እስከ ከተማው ጫፍ ብቻ። አየሩ እንዲመታኝ ነው።»

ይህን ስትል የምሯን ነበር። በኋላ የሆነውን አላሰበችውም።

መውጣቱ አስቸገራት። ከመሬት ስትነሳ ግራ እግሯ አልገፋ አላት። ደጃፉ ላይ ካለው የድንጋይ ደረጃ ጋር አስጠግታ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ኮርቻው ላይ ተቀመጠችና በቀኝ እግሯ ፔዳሉን ገፋች። መሪው ግራ ቀኝ ተወዛወዘ። ቦልቴ «ኧረ!» ሲል እሷ ከግቢው ወጥታ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ነፋስ ፊቷን ሲመታው ምን እንደተሰማት ለማንም በደንብ አልተናገረችም። ለናዲያ ብቻ «ጡት እንደያዘ ሕፃን ዝም አልኩ» ብላታለች። ጉልበቷ ያለ ችግር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የእህል ነጋዴዎቹን አለፈች፣ ሞተረኞቹ ተራ የሚጠብቁበትን ዛፍ አለፈች፣ የከተማውን ጫፍም አለፈች። አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደች መመለስ እንዳለባት አሰበች፤ ለመመለስ ደግሞ መቆም ነበረባት። ፍሬን ያዘችና ግራ እግሯን ወደ መሬት ልታወርድ ስትል አየር ላይ አቆመችው። አርባ ዓመት ሙሉ ስትወርድ መሬት የረገጠችው በግራ እግሯ ነው። ያ እግር አሁን አይሸከማትም። ፍሬኑን ለቀቀችና እንደገና ረገጠች።

በመንገዱ ዳር የምትደገፍበት ነገር ፈለገች። አጥር ቢኖር፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ቢኖር። ያለው ጎደሬ የተተከለበት ማሳና የጎርፍ መሄጃ ቦይ ብቻ ነው። እየረገጠች ሄደች። መጀመሪያ የተደሰተችበት ነፋስ አሁን ዓይኗን ያስለቅሳት ጀመር። ከፊቷ ያለው ኩርባ ሲገለጥ ደግሞ ከብት ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚነዱት በሬና ጊደር መንገዱን ሞልቶታል፤ ሰላሳ ይሆናል።

«ዞር በሉ! መቆም አልችልም!» ብላ በወላይትኛ ጮኸች።

ሰዎቹ ሊሰሟት ይችላሉ፤ በሬ ግን ምን ይሰማል። አንዱ ቀንዳም ዞሮ ቆሞ አያት። ፈጠነች መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች፣ ከአስፋልቱ ወረደች፣ ሣሩ ላይ ሁለት ጊዜ ነጠረችና ከነሳይክሏ ቦዩ ውስጥ በቀኝ ጎኗ ተዘረረች።

ሲያነሷት መጀመሪያ የዳሰሰችው ግራ ጉልበቷን ነው። አጠፈችው። ዘረጋችው። መዳፏ ተልጦ፣ ቀኝ ክንዷ በጭቃ ተለውሶ ነበር፤ ጉልበቷ ግን ደኅና ነው። ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ አዛውንት ሰው፣ ወገቧን ይዞ ቦዩ ዳር ሲያስቀምጣት «እናቴ፣ ምን አሳደደሽ?» አላት። ፈጠነች ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ ግን የሚያሳድዳት ምን እንደሆነ ለራሷም አልመጣ አላት። በዕድሜዋ ሁሉ ከሳይክል የወደቀችው ብዙ ጊዜ ነው፤ ስትወድቅ የፈራችው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቦልቴ ሞተር ተከራይቶ ከኋላ ከኋላዋ ሲከተላት ነበር ለካ። ከሞተሩ ሲወርድ ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። «ደኅና ነች… አዎ ተቀምጣለች… በቃ ነይ» ይላል። ፈጠነች ሰማችው፤ አልተቆጣችውም።

ፀደንያ ከሶዶ መኪና ለምና እስክትደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ ፈጠነች ከቦዩ ዳር አልተነሳችም። ልጇ ስትደርስ እናቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፣ ተንበርክካ ጉልበቷን ዳሰሰች፣ ደኅና መሆኑን ስታውቅ ነው ቁጣው የመጣው።

«እስኪ ምን ልበልሽ? ምን ብዬ ልስደብሽ?»

«ስደቢኝ። መንዳቱን ችዬ ነበር። መቆም ነው ያቃተኝ።»

«እማዬ፣ አንቺ መቼ መቆም ታውቂ ነበርና! መንዳት አስተማሩሽ እንጂ መቆም ማን አስተማረሽ?» ፀደንያ ይህን የተናገረችው በንዴት ነው። ከአፏ ካወጣችው በኋላ ግን የፈጠነች ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ፀደንያ ታለቅሳለች ብላ ጎንበስ ስትል፣ እናቷ እየሳቀች ነበር። ሳቁ መካከል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ፀደንያም አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«ቤት ውስጥ ስቀመጥ» አለች ፈጠነች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ግድግዳው ወደ እኔ የሚመጣ ይመስለኛል። አንቺን ለማስጨነቅ አይደለም። አባትሽ እዚያ ቤት ውስጥ እየተቀመጠ፣ እየተቀመጠ ነው ያለቀው። አየሽው አይደል? መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። ቀጥሎ በር ላይ መውጣት ተወ። ከዚያ ከአልጋ መነሳት።»

ፀደንያ የእናቷን ክንድ ጭቃ በእጇ እየጠረገች «ለናዲያ እንነግራታለን» አለች።

ናዲያ ስትሰማ ያን ቀን አልሳቀችም። ጉልበቱን ኤክስሬይ አስነሳች፣ ሽቦው በቦታው መሆኑን አየች፣ ከዚያ በድሬኛ የስድብ ዓይነት አዥጎደጎደችባት። ስትጨርስ ግን ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። «ይህን ሁሉ ሳምንት መርገጥ ነው ያስተማርኩሽ፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ» አለች። «በቀኝ መውረድ እንጀምር።»

ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይገናኙ ጀመር። ኮርቻውን ዝቅ አደረጉት። ፀደንያ መቀመጫውን ከኋላ ትይዛለች፣ ናዲያ ከፊት ቆማ «ቀኝ!» ትላለች። ፈጠነች «እሺ» ትላለች፤ እግሯ ግን ግራውን ያወርዳል። «ቀኝ አልኩ እኮ!» «እኔ መቼ እምቢ አልኩ፤ እሱ ነው!» ትላለች እግሯን በጥፊ እየመታች። አርባ ዓመት የለመደ እግር በአንድ ቅዳሜ አይመለስም። በጥር ከአሥር ሰባቱን በቀኝ ወረደች። በየካቲት ከአሥር ዘጠኙን። አሥረኛው ላይ ፀደንያ ደግፋ አተረፈቻት። መጋቢት ላይ ናዲያ ጉልበቱን ለካችና መቶ አሥራ ስምንት ዲግሪ መድረሱን፣ ከዚህ በላይ እንደማይታጠፍ፣ የቀረው መቼም እንደማይመለስ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ፈጠነች «ይበቃኛል» አለች፤ ፊቷ ግን እንዳልበቃት ይናገር ነበር።

አሁን ሶዶ ውስጥ ትነዳለች። እንደ ድሮው አይደለም። ከመውጣቷ በፊት መንገዱን በሐሳቧ ትሄደዋለች፤ የት ትቆማለች፣ ምን ትደገፋለች። መድኃኒት ቤቱ ፊት ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ልክ ይሆናል። ልብስ ሰፊው ደገፉ ደጃፍ ያለው ደረጃ ይሻላል፤ ደገፉ ስትመጣ ካየ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ደንበኞቹን ገለል ያደርግላታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁልቁለት ላይ እስከ ታችኛው የመብራት እንጨት ድረስ መቆሚያ የለም። እዚያ ስትደርስ ፍሬኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን አምቃ ነው የምትወርደው። ዳገቱን እየገፋች ትወጣለች፤ መግፋት ከመራመድ ይሻላል፣ ቢያንስ የምትደገፈው ነገር አላት። ዝናብ ሲመጣ ፀደንያ ምንም አትላትም፤ መስኮቱን ከፍታ ሰማዩን ብቻ ታያለች፤ ፈጠነችም ያን ጊዜ ለራሷ ብላ ትቀራለች፣ ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰችበት።

ከመጋቢት ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንዱን ለፀደንያ ነግራታለች።